የጦር ምርምር ወጪ ምን ይመልሳል? ጅማ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ። ጅማ ውስጥ ኢኮኖሚክስ የሚያስተምር ሰው ሁለት ጥያቄ አያመልጠውም። አንዱ የቡና ዋጋ መቼ ይጨምራል የሚለው ነው። ሁለተኛው በጀት በታወጀ ቁጥር የሚመጣው የመከላከያ ወጪ ነገር ነው። ለመጀመሪያው መልስ ቢኖረኝ ኖሮ ዛሬም ጠመኔ ይዤ አልቆምም ነበር። ለሁለተኛው ግን፣ በተለይ «ለጦር ምርምር የሚወጣ ብር ይመለሳል ወይስ እሳት የበላው ነው?» ለሚለው፣ ከተማሪዎች፣ ከጎረቤትና ከአቦል እስከ በረካ ከሚከራከሩ ቡና ጠጪዎች የሰማኋቸውን ጥያቄዎች ሰብስቤ እንደመጡልኝ አስቀምጫቸዋለሁ። «እ.ኤ.አ.» ካላልኩ በስተቀር ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው።

የጦር ምርምር ማለት መሣሪያ መግዛት ነው?

አይደለም። የመከላከያ በጀት ሲባል አብዛኛው ደመወዝ፣ ስንቅ፣ ነዳጅ፣ ጥገናና ግዢ ነው። ምርምር የሚባለው ገና ያልተሠራ ነገር ለመሥራት ወይም ያለውን ለማሻሻል የሚወጣው ነው። የላቦራቶሪ፣ የናሙና ሥራ፣ የሙከራና የተመራማሪ ወጪ ማለት ነው።

መጠኑን ለማየት ያህል፣ ስቶክሆልም የሚገኘው ሲፕሪ የተባለ የሰላም ጥናት ተቋም እንዳሰላው ዓለም እ.ኤ.አ. በ2024 ለጦር ያወጣችው 2,718 ቢሊዮን ዶላር ነው። ከዚህ ውስጥ 997 ቢሊዮኑን ያወጣችው አሜሪካ ናት። አሜሪካ ለወታደራዊ ምርምር፣ ልማትና ሙከራ ብቻ በዓመት ወደ 140 ቢሊዮን ዶላር ትመድባለች። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድባችን 5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቷል ይባላል። እንግዲህ ሒሳቡን ሥሩት፤ በያመቱ ሃያ ስምንት ሕዳሴ ግድብ ለምርምር ብቻ ይወጣል። «እኛም እንደ አሜሪካ ብናደርግ» ብሎ ወሬ የሚጀምር ሰው ሲገጥመኝ በቅድሚያ የማስታውሰው ይህን ነው።

ይህ ሁሉ ለጅማ ሰው ምኑ ነው?

ወባ ይዞት የሚያውቅ ሰው መልሱን በውሃ ውጦታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቬትናም ጦርነት ጊዜ ክሎሮኩዊን የተባለው መድኃኒት የማይበግረው ወባ በጫካው ውስጥ ወታደሩን ያረግፈው ነበር። ሰሜን ቬትናም ቻይናን እርዳታ ጠየቀች። ቻይናም እ.ኤ.አ. በ1967 በአምስተኛው ወር በ23ኛው ቀን ተመራማሪዎቿን ሰብስባ ምስጢራዊ ፕሮጀክት ጀመረች። ስሙንም ከስብሰባው ቀን ወስደው «523» አሉት። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ሥራው የገባችው ቱ ዩዩ የጥንት የቻይና ሕክምና መጻሕፍትን ስታገላብጥ ስለ አንድ የአርቴሚሲያ ዝርያ የሚናገር ፍንጭ አገኘች። ተክሉን ማፍላት ኃይሉን እንደሚያጠፋው ጠርጥራ በዝቅተኛ ሙቀት፣ በኤተር ጨመቀችው። እ.ኤ.አ. በ1971 ተሳካላት። አርቴሚሲኒን የሚባለው ይህ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶላታል።

ዛሬ ከጤና ጣቢያ የሚሰጠን ኮአርተም ሁለት ነገር የተቀላቀለበት ነው። አንዱ ከአርቴሚሲኒን የተገኘው አርቴሜተር ነው። ሌላው ሉሜፋንትሪን ሲሆን እሱም ከዚያው ፕሮጀክት የወጣ፣ የቻይና ጦር የሕክምና ሳይንስ አካዳሚ ሥራ ነው። በአንዲት ክኒን ውስጥ ሁለቱም የጦር ምርምር ልጆች ናቸው ማለት ነው። አሜሪካኖቹም ቢሆኑ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ሜፍሎኩዊን የተባለው መድኃኒት ዋልተር ሪድ ከሚባለው የጦር ሠራዊት የምርምር ተቋማቸው የወጣ ነው። የባሕር ኃይላቸው የሕክምና ምርምር ክፍልም እ.ኤ.አ. እስከ 1977 ድረስ አዲስ አበባ ውስጥ ቢሮ ነበረው፤ ከሚያጠናቸው በሽታዎች አንዱ ወባ ነበር።

አሁን ደግሞ መራራውን። መድኃኒቱ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አርቴሚሲኒን ያለበትን ቅልቅል በይፋ የመከረው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ኢትዮጵያ ኮአርተምን የመጀመሪያ ምርጫ ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ2004 ሲሆን፣ ይህም ከአንድ ዓመት በፊት የነበረው ከባድ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሰው ከቀጠፈ በኋላ ነው። በመካከሉ ሠላሳ ዓመት አለፈ። ለመዘግየቱ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ አንዱ ግን ምስጢር ነው። ግኝቱ ለዓመታት ከቻይና ውጭ አልታተመም ነበር። ጦሩ መድኃኒቱን ወለደው፤ ያንኑ መድኃኒት አንቆ ያቆየውም የጦሩ ምስጢር ነው። የጦር ምርምርን ጥቅም ሳወራ ሁልጊዜ ሁለቱን አብሬ የማነሳው ለዚህ ነው።

ኢንተርኔትና ጂፒኤስ ከጦር ነው የመጡት የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ የሚወራው ግን ግማሹ ነው።

ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1957 ስፑትኒክ የተባለችውን ሳተላይት ስታመጥቅ አሜሪካ ደንግጣ በዓመቱ አርፓ የተባለ የምርምር ድርጅት በመከላከያዋ ሥር አቋቋመች። ዛሬ ዳርፓ ይባላል። አርፓ ብሩን ካዝና ውስጥ አልቆለፈበትም፤ ለዩኒቨርሲቲዎችና ለምርምር ተቋማት አከፋፈለው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 1969 ከሎስ አንጀለስ ወደ ስታንፎርድ ምርምር ተቋም የተላከው የመጀመሪያው መልእክት «ሎግኢን» ሊል አስቦ ሁለት ፊደል እንደላከ ሲስተሙ ወደቀ። (ኔትወርክ ጠፋ እያላችሁ የምታማርሩ ሁሉ፣ ነገሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው።)

ያልተወራው ግማሽ ደግሞ ይህ ነው። ዛሬ ሁላችንም የምንጠቀምበት ድረ ገጽ የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1989 ሰርን በተባለው የአውሮፓ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ሲሆን ሰርን ከጦር ጋር ጉዳይ የለውም። መንገዱን ወታደር ጠረገው፣ ገበያውን ሲቪል አቆመበት።

ጂፒኤስም የአሜሪካ አየር ኃይል ሥራ ነው። የመጀመሪያው ሳተላይት የመጠቀው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ሙሉ ሆኖ አገልግሎት መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1995። እስከ ሜይ 2000 ድረስ ለሲቪል የሚለቀቀው ሲግናል ሆን ተብሎ እንዲሳሳት ይደረግ ነበር። ያ ማሳሳቻ በተነሳ ማግስት ነው ስልክ በመንገድ መምራት የሚችል ነገር የሆነው።

ለጅማ ይህ የታክሲ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያጸደቀው ደን ጭፍጨፋን የሚከለክል ሕግ ወደ ገበያው የሚገባ ቡና የበቀለበትን ማሳ መገኛ ነጥብ ይጠይቃል። ስለዚህ ጎማ ወይም ማና ወረዳ ያለ አንድ ገበሬ፣ ከግማሽ ሄክታር የማትበልጥ የቡና ማሳው መገኛዋ የሚለካው ለሚሳይልና ለመርከብ ታስቦ በተሠራ ሳተላይት ነው። ለሳተላይቱ ቤሳ አላወጣንም። ግን ቡናችንን ለመሸጥ የሌላ አገር ጦር በጎ ፈቃድ ያስፈልገናል ማለት ነው። ይህ ጥቅም ነው ወይስ ጥገኝነት? ሁለቱም ነው።

ያንን ብር በቀጥታ ለሲቪል ምርምር ብንሰጠው አይሻልም?

ከሁሉም የሚከብደኝ ጥያቄ ይህ ነው፤ ለጅማ ሰው ደግሞ ማስረጃው ደጁ ላይ አለ። የቡና ፍሬ በሽታ፣ ሲቢዲ የምንለው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ያልበሰለ ፍሬ ላይ ወጥቶ ያጠቁረዋል። መልኮ የሚገኘው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች በየጫካው እየዞሩ በሽታውን የቻሉ ዛፎችን ለቀሙ፣ ፈተኑ፣ መርጠው አወጡ። ገበሬው ዛሬ 74110 ወይም 74112 እያለ የሚጠራቸው ችግኞች የዚያ ሥራ ውጤት ናቸው። መነሻቸው ላይ ያለው 74 የተመረጡበት የፈረንጅ ዓመት ነው። ጄኔራል የለበትም፣ ምስጢር የለበትም፣ ዋጋው ከአንድ ታንክ አይስተካከልም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ ስለ ምርምር ሲወራ መልኮን ሳያነሱ ስለ ፔንታጎን የሚያወሩ የጅማ ልጆች አሉ፤ ይገርመኛል።

ታዲያ የጦር ምርምር የተለየ ነገር የሚያመጣው መቼ ነው? እኔ እንደማየው ዋጋ የማይጠይቅ ገዢ ሲኖር ነው። ፔኒሲሊን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው፤ ከአሥር ዓመት በላይ ከላቦራቶሪ ሳይወጣ ቆየ። ጦርነት ሲመጣ የአሜሪካ መንግሥት የግብርና ላቦራቶሪንና የመድኃኒት ፋብሪካዎችን አንድ ላይ አሰልፎ እ.ኤ.አ. በ1944 ኖርማንዲ ላይ ለሚያርፈው ጦር በሚሊዮን የሚቆጠር መጠን አደረሰ። የኤሌክትሮኒክስ ቺፕም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ውድ ስለነበረ ነጋዴ አይገዛውም ነበር። ሚኒትማን የተባለው ሚሳይልና የአፖሎ የጨረቃ ጉዞ የተመረተውን ሁሉ ማለት ይቻላል ገዙት። ፋብሪካው በእነሱ ብር ተለማመደ፣ ዋጋው ወረደ፣ ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ገባ። ነጋዴ የማይደፍረውን የመጀመሪያውን ኪሳራ የሚሸከም ሰው ተገኘ ማለት ነው።

ተቃራኒውም አለ። ጃፓን ከጦርነቱ በኋላ ለረጅም ዓመታት ለመከላከያ የምታወጣውን ከአገራዊ ምርቷ 1 በመቶ አካባቢ ይዛ ቆይታ፣ መኪናውንም ካሜራውንም ዓለም ላይ አንደኛ ሠራች። ሶቪየት ኅብረት ደግሞ ምርጥ መሐንዲሶቿን ለጦር ሰጥታ ለሕዝቧ ጥሩ ማቀዝቀዣ እንኳ ማዳረስ ተቸገረች። እውቀቱ ከግቢው አጥር ውጭ አይወጣም ነበርና። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

በቁጥር ለሚፈልግ፣ ኤንሪኮ ሞሬቲ፣ ክላውዲያ ስታይንዌንደርና ጆን ቫን ሪነን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች የበለጸጉትን አገሮች መረጃ መርምረው አንድ ነገር አግኝተዋል። መንግሥት ለምርምር የሚሰጠው ገንዘብ በ10 በመቶ ሲጨምር የግል ድርጅቶች በራሳቸው ገንዘብ የሚያካሂዱት ምርምር ከ5 እስከ 6 በመቶ ይጨምራል። ይህን የለኩትም በዋናነት በመከላከያ ምርምር መዋዠቅ ተጠቅመው ነው። ጥሩ ዜና ነው። ግን ልብ በሉ፣ ያ የሆነው እውቀቱን ተቀብሎ ወደ ምርት የሚቀይር የግል ፋብሪካ ባለበት አገር ነው። እኛ ዘንድ ተቀባዩ ማን ነው? ያ ካልተመለሰ ቁጥሩን ወደ አማርኛ መገልበጥ ብቻውን አይጠቅመንም።

መሣሪያ መግዛት ከተቻለ መመራመር ለምን ያስፈልጋል? ዓድዋን በተገዛ ጠመንጃ አይደል ያሸነፍነው?

ነው። በ1888 ዓድዋ ላይ የተተኮሰው ጠመንጃ ከውጭ የመጣ ነው፤ ከፊሉን እንዲያውም የሸጠችልን ራሷ ጣሊያን ነበረች። ስለዚህ «ምርምር የሌለው አገር ይሸነፋል» የሚል ሕግ የለም።

ግን ከአርባ ዓመት በኋላ ምን ሆነ? መጋቢት 1928 ማይጨው ላይ የጣሊያን አውሮፕላን ከላይ፣ የሰናፍጭ ጋዝ ከታች ነበር። ጋዙን እ.ኤ.አ. በ1925 የወጣው የጄኔቫ ፕሮቶኮል ይከለክለው ነበር፤ የሰማው የለም። መሣሪያ ልንገዛ ስንሄድም ኃያላኑ «ለሁለቱም ወገን አንሸጥም» አሉ። ጣሊያን የራሷ ፋብሪካ ነበራት፤ ማዕቀቡ ያነቀው እኛን ነው። ገዢ መሆን የሚያዋጣው ሻጩ ሱቁን እስካልዘጋ ድረስ ነው።

ቱርክ ይህን የተማረችው ዘግይታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ቆጵሮስ ስትገባ አሜሪካ የጦር መሣሪያ ማዕቀብ ጣለችባት። እ.ኤ.አ. በ1975 አሴልሳን የተባለውን የኤሌክትሮኒክስ ድርጅት አቋቋመች፤ ሥራውን የጀመረው በወታደራዊ ሬዲዮ ነው። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ባይራክታር ቲቢ2 ድሮን፣ የሌላ የግል ኩባንያ ሥራ ቢሆንም፣ የበቀለው ለአርባ ዓመት ያህል በዚያ መንገድ ከተዘጋጀ መሬት ላይ ነው።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ሌላ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። ያገለገለ ቶዮታ ልትገዛ ስትሄድ መካኒክ ይዘህ አይደል የምትሄደው? መካኒኩ መኪና አይሠራም። ሞተሩን ሰምቶ ግን «ይሄ ቅባት ይበላል፣ ተወው» ይልሃል። የራሷ ተመራማሪ የሌላት አገር ራዳርም ሆነ ድሮን ስትገዛ ያለ መካኒክ ገበያ እንደወጣ ሰው ናት። ሶፍትዌሩ ውስጥ ምን እንዳለ፣ ሲግናሉ በቀላሉ ይታፈን እንደሆነ፣ መለዋወጫው ሲያልቅ ሊተካ ይችል እንደሆነ የሚነግራት ሻጩ ብቻ ነው። ሻጭ ደግሞ ሻጭ ነው። ለድሃ አገር የጦር ምርምር የመጀመሪያ ጥቅም አዲስ መሣሪያ መፈልሰፍ አይመስለኝም፤ ሳይታለሉ መግዛት፣ የገዙትንም መጠገን መቻል ነው። ይህ ደግሞ በቢሊዮን ዶላር የሚሠራ ነገር አይደለም።

አባ ጅፋር ሳይዋጉ ጅማን አቆዩ አይደል? ሰላም መግዛት አይረክስም?

ይህን ጅሬን ቤተ መንግሥቱን ጎብኝቶ የተመለሰ ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል። ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ ገብረው የጅማን የውስጥ አስተዳደር እስከ ዘመናቸው መጨረሻ ድረስ አቆይተዋል። ዙሪያው በጦርነት ሲታመስ የሂርማታ ገበያ ደርቶ ቀጠለ። ሒሳቡ ትክክል ነበር፤ የተቀናቃኛቸውን የመሣሪያ ብዛት አውቀው ነው የወሰኑት። የሌላውን አቅም በትክክል ማወቅም የደህንነት ሥራ ነው፤ ምናልባትም ርካሹ። ግብሩ ግን በያመቱ ይከፈል ነበር። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ1932 ሲያርፉም ራስ ገዝነቱ አብሮ አከተመ።

እኛ አገር ተሞክሮ አያውቅም?

ተሞክሯል፤ ደጋግሞ። አጼ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ሚስዮናውያንን ሰብስበው መድፍ አስቀለጡ። ሴባስቶፖል ወጣ፤ ክብደቱ ሰባት ቶን ገደማ ነው። መንገድ እየተጠረገ መቅደላ ድረስ ተጎተተ። ስለ ጋፋት ሳነብ የሚቆጨኝ መድፉ አይደለም። እዚያ ብረት ማቅለጥ የተማሩ ልጆች ነበሩ። በሚያዝያ 1860 መቅደላ ስትወድቅ የጋፋት ሥራም አብሮ አከተመ። ያ ሙያ ማረሻ፣ ምጣድ፣ የወፍጮ ብረት ወደሚሠራበት ገበያ ሳይሻገር ከንጉሡ ጋር ቀረ። ምርምሩ የአንድ ሰው ነበር።

በእኛ ዘመን ደግሞ በ2002 ሜቴክ የተባለው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ተቋቋመ። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ከላይ የጻፍኩት ነው፤ የጦሩን ፋብሪካዎች ለሲቪል ልማት ማዋል። የሕዝብ አውቶቡስ እስከ መገጣጠም የደረሰ አቅም ታየ። ግን የስኳር ፋብሪካውም፣ የግድቡ የብረት ሥራም፣ እዚሁ ጎረቤታችን ኢሉባቦር ያዩ ላይ የተጀመረው የማዳበሪያ ፋብሪካም ለዚያው ድርጅት ያለ ውድድር ተሰጡ። የያዩው ሳይጠናቀቅ ቀረ፤ የሕዳሴው ውል በ2010 ተነጠቀ። ብዙ ሰው ከዚህ «ወታደር ፋብሪካ አይችልም» የሚል ትምህርት ይወስዳል። አይመስለኝም። ጥፋቱ ተወዳዳሪም ተቆጣጣሪም ማጣቱ ነው፤ ሲቪልም ቢሆን በዚያ ሁኔታ ይወድቃል። በተጨማሪ፣ ትዕዛዝ መቀበል ምርምር አይደለም። ሠርቶ የማያውቀውን ፋብሪካ በአንድ ጊዜ በርካታ ቦታ እንዲተክል የታዘዘ ድርጅት የሚመራመርበት ጊዜ ከየት ያገኛል?

አሁን የድሮን ፋብሪካ ተመርቋል። ይህስ ምርምር ነው?

በ2017 ስካይዊን የተባለው ሲመረቅ ስልኬ አላረፈም። መልሴ አጭር ነው፤ መገጣጠም የምርምር ደጃፍ ነው፣ ቤቱ አይደለም። የበረራ መቆጣጠሪያውን ሶፍትዌር የጻፈው፣ ባትሪውንና ሞተሩን የሠራው፣ ሲበላሽም የሚያርመው ማን እንደሆነ ጠይቁ። መልሱ ከዓመት ዓመት ወደ ቤት እየቀረበ ከሄደ ምርምር አለ።

ስንት ዓመት ይጠብቃል?

ብዙ። ህንድ ቴጃስ የተባለውን ተዋጊ አውሮፕላን በ1983 ጀምራ፣ በ2001 አበረረችው፣ ቡድን ያስታጠቀችው በ2016 ነው (ሁሉም እ.ኤ.አ.)። ሠላሳ ሦስት ዓመት፤ ለዚያውም ራሷ ልትሠራለት ያሰበችው ሞተር አልሳካ ብሏት የአሜሪካ ሞተር ገጥማለት። ቡና እንኳ ተክለህ ሦስትና አራት ዓመት ትጠብቃለህ። በአምስት ዓመት ውስጥ ውጤት ቃል የሚገባ ካለ እየሸጠላችሁ ነው።

ምስጢር ከሆነ ብሩ እንዳልተበላ በምን ይታወቃል?

የድሮኑ ኮድ ምስጢር ሊሆን ይችላል። ጠቅላላ ወጪው፣ የተባለለት ቀን፣ ቀኑ ማለፉ፣ ስንት ተመራማሪ እንደሠራ፣ ስንት የፈጠራ ባለቤትነት መብት እንደተመዘገበ ግን ምስጢር የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ዕድሜውን በጦር ያሳለፈ ጄኔራል ነው። ሥልጣን ሲለቅ፣ ጃንዋሪ 1961፣ ጦሩና መሣሪያ አምራቹ ተጋግዘው አገሩን እንዳይነዱት ያስጠነቀቀው እሱ ነው። ነገሩን ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ቃል ስለሆነ ክብደት እሰጠዋለሁ።

ልጄ ኪቶ ፉርዲሳ ኢንጂነሪንግ ይማራል። ይህ ነገር ሥራ ይፈጥርለታል?

እናቴ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ምርምር ጥቂት ሰው ነው የሚቀጥረው። ሥራ ለመፍጠር ብቻ ከሆነ መንገድ መሥራት ወይም ቡና ማጠቢያ መትከል በአንድ ሚሊዮን ብር ብዙ እጅ ይይዛል። የምርምር ጥቅሙ በሚቀጥረው ቁጥር አይደለም፤ ከዚያ ወጥቶ ሌላ ቦታ በሚከፍተው ሥራ ነው። ጉዳትም አለው። በአገሪቱ ያሉት ጎበዝ የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ጥቂት ከሆኑና ጦሩ ሁሉንም ከወሰዳቸው፣ የሆስፒታሉን ማሽን የሚጠግን ይጠፋል። ለልጅዎ ግን «ለመከላከያ ነው ወይስ ለሲቪል?» ብሎ ከአሁኑ አይጨነቅ ይበሉት። ሒሳብ፣ ኮንትሮል፣ የብረታ ብረት ጠባይና ፕሮግራሚንግ ሁለቱም ቤት ይሠራሉ። ሳይንሱ ዩኒፎርም የለውም።

ጅማ ከዚህ ምን ድርሻ ሊኖራት ይችላል?

ሚሳይል አይደለም፤ አያስፈልጋትም። የጅማ ጥንካሬ ሌላ ቦታ ነው። ዩኒቨርሲቲው በታኅሣሥ 1992 ሲመሠረት ቀደም ሲል የነበሩትን የግብርና ኮሌጅና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት አዋህዶ ነው፤ ከመነሻው ማኅበረሰቡ ውስጥ ገብቶ ማስተማርን መርሁ አድርጓል። ሰኮሩ ላይ የሐሩር አካባቢና ተላላፊ በሽታዎች ምርምር ማዕከል አለው። የግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ ዳርቻ ወባን ለዓመታት አጥንተዋል። ቆላ የሚመደብ ወታደርን ከጥይት በፊት የሚጥለው ወባ መሆኑን ቬትናም አሳይታለች። መከላከያ የምርምር ብር ካለው፣ ለእኔ የመጀመሪያው ውል ከዚህ ዓይነት ማዕከል ጋር ቢሆን ደስ ይለኛል። መድኃኒት የተላመደ ወባን መከታተል፣ ፈጣን መመርመሪያ፣ አጎበር፣ የውሃ ማጣሪያ። ወታደሩ ይድንበታል፣ የአሰንዳቦ ገበሬም ይድንበታል። አንድ ነገር ብቻ በውሉ ላይ ይጻፍ፦ ውጤቱ ይታተማል። ያ ካልተጻፈ ግን የ«523»ን ሠላሳ ዓመት ደግመን እንጠብቃለን።

ከርዕስ ልውጣና፣ ኮአርተም ሲወሰድ «ወተት ጠጡበት» የሚባለው ለምንድን ነው?

ከርዕሱ የወጣ ቢሆንም ስለ ወባ ባወራሁ ቁጥር የሚቀርብ ጥያቄ ስለሆነ አልዘለውም። ከሁለቱ አንዱ፣ ሉሜፋንትሪን፣ ያለ ቅባት ወደ ደም በደንብ አይገባም። በባዶ ሆድ ከተዋጠ ብዙው ሳይሠራ ያልፋል። ለአዋቂ 24 ክኒን ነው፤ አራት አራት እየሆነ በሦስት ቀን ውስጥ ስድስት ጊዜ ይወሰዳል። ትኩሳቱ በሁለተኛው ቀን ቢለቅም የቀረውን ለጎረቤት ማካፈል የለም፣ ይጨረስ። ወተት ካልተገኘ ቅቤ ወይም ዘይት ያለበት ምግብ ይበቃል።